ድምፅ አጥፊው ሄድፎን፦ ሰው ለሞላበት ቤት ይሆናል?

ቤተ ዘመድ አንድ ላይ የሚኖርበት ቤት ውስጥ ሄድፎን የሚገዛው ለሙዚቃ ብቻ አይደለም። እኛ ቤት አያቴ አሉ፣ አክስቴ አለች፣ ወንድሜ ከነሚስቱና ከነልጆቹ አለ። ብቻዬን የምሆንበት ክፍል የለኝም። በር የሌለው ሰው ምን ያድርግ? ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነውን፣ ድምፅ ያጠፋል የሚባለውን ዓይነት ገዛሁ።

ማስታወቂያው የማይነግራችሁን ልንገራችሁ፤ የሰው ወሬ አያጠፋም። ውጭው ላይ ያሉት ትንንሽ ማይክሮፎኖች የአካባቢውን ድምፅ ይይዛሉ፣ መሣሪያው ደግሞ የዚያን ተቃራኒ ሞገድ ያወጣና ሁለቱ ይጠፋፋሉ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ፓውል ሉግ የተባለ ጀርመናዊ አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1936 (እ.ኤ.አ.) ነው። ዘዴው በደንብ የሚሠራው ግን ወፍራም ሆኖ ሳይቋረጥ ለሚቀጥል ድምፅ ነው፤ ለአውሮፕላን ሞተር፣ ለማራገቢያ። አክስቴ ስልክ ስታወራ ትስቃለች፣ ትጮኻለች፣ ድንገት ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች፣ ማሽኑ የት ይደርስባታል! ንግግርን በአብዛኛው የሚቀንሰው ጆሮ ላይ የሚገጥመው ስፖንጅ ነው፤ መነጽር ካደረጋችሁ ደግሞ በክፈፉ በኩል ድምፅ ሾልኮ ይገባል። እኔ የዝናብ ድምፅ ዝቅ አድርጌ እከፍትበታለሁ፣ ያኔ ወሬው ቢሰማም ቃሉ አይለይም።

ታዲያ ለምን ወደድኩት? ስለሚታይ። ጆሮ ውስጥ የሚገባው ትንሹ ዓይነት አይታይም፣ ስለዚህ አያቴ ጠርተውኝ ዝም ስል የናቅኳቸው ይመስላቸዋል። ይሄኛው ከሩቅ ይለያል። ከቤተሰቡ ጋር ተነጋገርን፤ ጆሮዬ ላይ ከሆነ ሥራ ላይ ነኝ፣ አንገቴ ላይ ከወረደ ጥሩኝ። ልጆቹ ወዲያው ገባቸው። ትልልቆቹ ግን እስካሁን ትከሻዬን መታ አድርገው "እየሰማሽ ነው?" ይላሉ። ይህን ሳትነጋገሩ ዝም ብላችሁ ካደረጋችሁት ኩርፊያ ነው የሚመስለው፣ እኔን አያድርገኝ።

የውጭ ድምፅ የሚያሳልፍበት አማራጭም አለው፤ ሥራ ላይ ሆናችሁ ልጅ ወይም አዛውንት የምትጠብቁ ከሆነ በጣም ይጠቅማል። ችግሩ ሰው የማትሰሙ ይመስለዋል። ስለ እኔ የትዳር ጉዳይ በዝርዝር ሲወራ ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ።

የሚያናድደው ሌላ ነው። በአንድ ጊዜ ከሁለት መሣሪያ ጋር ይገናኛል፣ የወንድሜ ልጅ ደግሞ አንድ ቀን ከታብሌቱ ጋር አገናኝቶት ኖሯል፤ ስብሰባ መሃል ካርቱን ጆሮዬ ላይ ጮኸ። እሱን የሚከለክል መቆለፊያ የለውም። ስደውል የቤቱን ጫጫታ ከእኔ ድምፅ እኩል ያስተላልፋል። ብዙ ሰዓት ሲደረግም ጆሮ ያልባል።

ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ ወሬውን ለመሸፈን አትሞክሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው 80 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ቢበዛ በሳምንት 40 ሰዓት ነው፣ ከፍ ባለ ቁጥር ሰዓቱ በፍጥነት ያጥራል።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ፣ አንዱን የቀነስኩት በዚያ ካርቱን ነው። ለእንቅልፍ ብቻ ከፈለጋችሁት ግን አትግዙት፣ በጎን መተኛት አይቻልም፤ በጣም ርካሹ የስፖንጅ ጆሮ መድፈኛ ይበልጠዋል።