ቀለም ወይስ ሙያ? ማረሚያ ቤት ላለ ዘመድ

ጎንደር ውስጥ ስንቅ ይዘው ማረሚያ ቤት በር ላይ የሚሰለፉ ቤተሰቦች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ ነው፦ ልጃችን እዚያው ትምህርቱን ይቀጥል ወይስ ሙያ ይያዝ?

ወጪ፦ ለቀለም ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል። ሽመና ድርና ማግ፣ እንጨት ሥራ ጣውላ ይፈልጋል። ግን የሠራው ሲሸጥ እጁ ላይ ሳንቲም ይገባል። ስንቅ ለምታመላልስ እናት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጊዜ፦ 8ኛን ጨርሶ 12ኛን ለመፈተን አራት ዓመት ነው። ሙያ በወራት ይጨበጣል። አመክሮንም አስሉ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ መልካም ጠባይ ያሳየና መመዘኛውን ያሟላ ታራሚ ከቅጣቱ 2/3ኛውን ሲጨርስ ሊፈታ ይችላል። ስድስት ዓመት የተፈረደበት በአራት ሊወጣ ይችላል ማለት ነው።

ከተፈታ በኋላ፦ ዋናው ጣጣ እዚህ ነው። ቀጣሪ ከወንጀል ነፃ መሆንን የሚያሳይ የአሻራ ማስረጃ ሲጠይቅ ዲግሪ ያለውም ደጅ ሊቀር ይችላል። ሸማኔን ግን አሻራ አምጣ የሚል ገዢ የለም፤ ጥለቱ ካማረ ቅዳሜ ገበያ ይሸጥለታል። ችግሩ የመነሻ ገንዘብ ነው፤ ሸማኔ ያለ እቃው ምን ይሠራል? ደግሞ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ሳይፈተን መውጣት፣ በእኔ አስተያየት፣ ትልቅ ኪሳራ ነው።

ፍርዱ ረጅም ለሆነና ትምህርቱ መሃል ላይ ለተቋረጠ ወጣት ቀለሙ ያዋጣል። ፍርዱ አጭር ለሆነ፣ ደጅ ልጆች ለሚጠብቁት ሙያው ይሻላል። ማንበብ የማይችል ከሆነ ግን መጀመሪያ ፊደል ይቁጠር፤ ጣውላም ቢሆን በሜትር ተለክቶ ነው የሚቆረጠው።