ከሬሳ ሣጥን ውስጥ ውሃ የለመነችው፦ የሪስ ዴቪስ ልቦለዶች በመድረክ ሰው ዓይን

በሪስ ዴቪስ አጭር ልቦለድ «ትንሣኤ» ሜግ የምትባል ሴት የሬሳ ሣጥኗ ክዳን ሊገጠም ግማሽ ቀን ሲቀረው ብድግ ብላ አንድ ብርጭቆ ውሃ ትለምናለች። አበባ የሚያሰናዱት፣ አቧራ የሚጠርጉት ሁለቱ እህቶቿ ከድንጋጤያቸው ሲመለሱ ይቆጧታል፤ ይቺ ልጅ ዛሬም አዋረደችን ነው ነገሩ። ድንኳን ተክሎ፣ ለለቀስተኛ ንፍሮ ቀቅሎ የሚያውቅ ሰው ንዴታቸው ወዲያው ይገባዋል።

ዴቪስ (1901–1978፣ ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የደቡብ ዌልስ የድንጋይ ከሰል ሸለቆ በሆነው ሮንዳ ከባለ ሱቅ ቤተሰብ ተወልዶ አብዛኛውን ዕድሜውን ለንደን የኖረ ደራሲ ነው። ከመቶ በላይ አጫጭር ልቦለዶች ጽፏል፤ አንዱ በ1967 ለወንጀል ልቦለድ የሚሰጠውን የአሜሪካውን የኤድጋር ሽልማት አስገኝቶለታል። ዛሬ ከዌልስ ውጭ ስሙን የሚያነሳ ብዙ የለም። በማይክ ስቲቨንስ አርታኢነት ጎመር ማተሚያ ቤት ያወጣው ባለ ሦስት ቅጽ ስብስብ (ሁለቱ በ1996፣ ሦስተኛው በ1998) ለአንባቢ ሀብት ነው። ለተውኔት ሰው ግን ወጥመድም አለበት፤ ሳቁ ያለው በገጸ ባሕርያቱ አፍ ሳይሆን በተራኪው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ነውና።

«የካትሪን ፉሽያ ጭንቀት»ን እንይ። በመርከብ ዕቃ ንግድ የከበረው ሉዊስ ለገንዘቧ ካገባት እንግሊዛዊት ጋር ወደ መንደሩ ይመለሳል። ሁለት ዓመት ሙሉ እሑድ ማታ ከጸሎት በኋላ ወደ ካትሪን ጎጆ ሹልክ ሲል ማንም አልነቃበትም፤ አንድ ማታ አልጋዋ ላይ ይሞታል። ተራኪው ይህን ሁሉ የገበያ ዋጋ እንደሚነግር ሰው ረጋ ብሎ ያወራዋል። ያንን ድምፅ አውጥቶ ቃለ ተውኔቱን ብቻ ያስቀረ ሰው እጁ ላይ የሚቀረው ተራ የመኝታ ቤት ቀልድ ነው። የሚሻለው የተራኪውን ቃል ቢያንስ ሢሶውን አትርፎ የእሑድ ልብሳቸውን ለለበሱ ሦስት ጎረቤቶች ማካፈል ነው። እነሱ ፈጽሞ መሳቅ የለባቸውም። አንዷ ፈገግ ካለች ትዕይንቱ አለቀለት።

ከዚያ ሬሳው አለ። ካትሪን ሰው ከመጥራቷ በፊት ልብስ አልብሳው ወንበር ላይ ማድረስ አለባት፤ የምሽቱ ትልቁ ሳቅም ትልቁ አደጋም እዚህ ነው። 90 ኪሎ የሚመዝን ተዋናይ በእጅ ብቻ ቢጎተት የተዋናይቷ ወገብ አይተርፍም። ከሥሩ የሚያንሸራትት ጨርቅ ይነጠፍ፤ «ሟቹ» ተመልካች በማያየው በኩል በተረከዙ ይግፋ፤ ሸሚዙ ከጀርባ ይቀደድ፣ ሱሪው በቁልፍ ፈንታ ላስቲክ ይኑረው። አሻንጉሊት አይመከርም፤ ክንዱ ሲወድቅ ያጋልጠዋል። ትንፋሽን ለመደበቅ እግሩ ወደ ተመልካች ይዙር፣ ወፍራም ሰደርያ ይልበስ። ከጎን የሚመጣ ዝቅ ያለ መብራት የደረትን ንቅናቄ ሁሉ ስለሚያሳይ ከፊት የሚመጣው ይበልጣል። ለሜግ ሣጥን ደግሞ ራስጌው ከግርጌው 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ አለዚያ ስትነሳ ከኋላ የተቀመጠው ተመልካች የሚያየው ግንባሯን ብቻ ነው። አየር ማስገቢያ ቀዳዳና ስትነሳ የምትይዘው ብረት አይረሳ።

በማዕድን ሠራተኛ ወንዶች የተሞላ ቤት ውስጥ የምትኖረው እናት ለመገነዣዋ የሐር ልብስ የምትገዛበት «የሌሊት ቀሚስ» ለሳቅ ከተጫወቱት ይበላሻል። ጨርቁ እውነተኛ ሐር ይሁን። «ክኑት» የሰከረ የራግቢ ተመልካችንና ጎርፍ የሞላበትን የለንደን ጣቢያ መጸዳጃ ቤት ስለሚፈልግ ኤሌክትሪክ ባለበት መድረክ ላይ ውሃ ለማፍሰስ ይፈትናል። ድምፅና በየደቂቃው ከፍ እያለ የሚጠቀለል ሱሪ ይበቃሉ።

የእንግሊዝኛ ንባብ በደቂቃ 150 ቃል ያህል ስለሆነ 4,500 ቃል ግማሽ ሰዓት ይወስዳል፤ ለአንድ ምሽት ሦስት ታሪክ በቂ ነው። «ትንሣኤ»፣ «የሌሊት ቀሚስ»፣ መዝጊያው ካትሪን።

በአማርኛ ለሚሞክር ሰው የዌልሶች እንግሊዝኛ ዋናውን ቃል ፊት የማስቀደም ልማዱ አይተላለፍም። በምትኩ ግን እንግሊዝኛው የሌለው መሣሪያ አለን፤ አንተና እሳቸው። ካትሪን ሬሳውን ስታለብስ «ምን አድርጌህ ነው?» ትበለው፤ በሩ ሲንኳኳ «እሳቸው እኮ ደክሟቸው ገብተው ነው» ትበል። ምሥጢሯ ሁሉ በዚያች ቅጽበት ይወጣል። «ፉሽያ» የሚለው ቅጽል ስሟም ይቆይ፤ በአትክልቷ አበባ ነው የተጠራችው።

ስብስቡን ገዝቶ ወዲያው ልምምድ መጀመር ግን አይቻልም። ደራሲው በ1978 ስለሞተ በብሪታንያ ሕግ ሥራዎቹ እስከ 2048 መጨረሻ የባለመብቶቹ ናቸው፤ ለመተርጎምም ወደ ተውኔት ለመቀየርም ፈቃድ ያስፈልጋል። ያለ ፈቃድ የሚሠራ የፈለገ የሌላውን የዌልስ ደራሲ የካራዶክ ኢቫንስን የአጫጭር ልቦለዶች ስብስብ «ሕዝቤ» (1915) ይመልከት። ኢቫንስ በ1945 ስለሞተ እዚያ ከ2016 መባቻ ጀምሮ ነፃ ነው፤ ይበልጥ መራራ፣ ሳቁም ያነሰ።