ኩስኮ ላለችው አስጎብኚያችን፦ እግዚአብሔር ይስጥልን

ይህን የምጽፈው አንዲትን ሴት ለማመስገን ነው፤ ፔሩ ወዳለው ጥንታዊ የኢንካዎች ከተማ፣ ወደ ማቹ ፒቹ በእግር ለመጓዝ የምታስቡ ወገኖቼም ወደ እርሷ እንድትሄዱ ለመለመን ነው። ስልኳን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለ ጠየቀችኝ እዚህ አልጽፈውም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሰው ግን በደስታ እሰጣለሁ። እዚያው ፔሩ፣ ኩስኮ ከተማ ተወልዳ ያደገች፣ የሙያ ፈቃድ ያላት አስጎብኚ ናት። ከእናቷ ጋር በአገሬው ቋንቋ በኬችዋ ታወራለች፤ ከእኛ ጋር ጥርት ባለ እንግሊዝኛ።

ጉዞው የታላቅ እህቴ ምኞት ነበር። እትዬ በወጣትነቷ ከእናታችን ጋር ግሸን ማርያም በእግሯ የተሳለመች ሰው ናት። ማቹ ፒቹን በቴሌቪዥን ካየች ጀምሮ «ያንን አምባ ሳላይማ አልሞትም» ትለኝ ነበር። ዕድሜዋ ስድሳን አልፏል፤ አንድ ጉልበቷም ያማታል። እናታችን ካረፈች በኋላ እኔን ያሳደገችኝ እርሷ ናትና፣ ይህቺን አንድ ነገር ላደርግላት ቆርጬ ተነሣሁ። እርሷ ከአዲስ አበባ፣ እኔ ከሜሪላንድ ተነሥተን ፔሩ ልንገናኝ ተስማማን። ነሐሴ በዚያ አገር ደረቅና ለእግር መንገድ የሚመች ወር ነው። ለእኛ ደግሞ ፍልሰታ ነው።

ይህቺን ልጅ ከማግኘታችን በፊት ያየነውን መከራ ባልናገር ምስጋናዬ ጎደሎ ይሆናል። የመጀመሪያው የጉዞ ወኪል ወደ ማቹ ፒቹ በሚወስደው በታወቀው የኢንካ መንገድ አራት ቀን በእግር እንደሚወስደን ቃል ገብቶ ቀብድ ተቀበለ፤ ከዚያ ለሳምንታት ድምፁ ጠፋ። ስጨቀጭቀው «ፈቃዱ አልቋል፤ በሌላው የተራራ መንገድ፣ በሳልካንታይ በኩል ትሄዳላችሁ፤ ዋጋው ያው ነው፤ እንዲያውም ያምራል» ብሎ ጻፈልኝ። ስለ እህቴ ጉልበት ለጻፍኩት ሁሉ አንዲት ቃል አልመለሰም። ቀብዱም እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ሌላው ደግሞ በስልክ «ኢትዮጵያውያን ሯጮች ናችሁ፤ ተራራ ለእናንተ ምን አላት!» ብሎ ሊሸኘኝ ሞከረ። ሌላዋ የአያታችንን ስም የእኔ ስም፣ የአባታችንን ስም የእህቴ ባል ስም አድርጋ ሰነድ ላከችልን። ስለ ጾማችን ስነግራት «እንቁላልና አይብ እናዘጋጃለን» አለች። እንደማይሆን አስረዳኋት፤ በሚቀጥለው ደብዳቤዋ ላይ እንቁላሉ እንደገና ነበር። ስንቱን ሌሊት በንዴት እንቅልፍ እንዳጣሁ እግዚአብሔር ያውቃል።

ስለ አስጎብኚያችን የነገረችኝ በሥራ ቦታዬ አብራኝ የምትሠራ ፔሩዊት ናት። ለአስጎብኚዋ ደወልኩላት። ገና ስለ ገንዘብ ሳናነሣ ትጠይቀኝ ጀመር፦ የምትኖሩባቸው ከተሞች ከባሕር ወለል ምን ያህል ከፍ ይላሉ? ሕመሙ የሚብሰው ደረጃ ሲወጣ ነው ሲወረድ? የምትወስዱት መድኃኒት አለ? የማትበሉት ምግብስ? ያን ያህል ጊዜ ከስንቱ ሰው ጋር ስነጋገር እነዚህን ጥያቄዎች የጠየቀኝ አልነበረም።

ከዚያ እውነቱን ነገረችኝ። ሳልካንታይ ፈቃድ አይጠየቅበትም ማለት ቀላል ነው ማለት እንዳልሆነ፣ የተራራው ማለፊያ ከ4,600 ሜትር በላይ እንደሆነ አስረዳችኝ። ባለ አራት ቀኑ የኢንካ መንገድ ደግሞ 43 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሁለተኛው ቀን «የሞተችው ሴት ማለፊያ» በሚባለው በ4,215 ሜትር ላይ ያልፋል፤ ከዚያ ወዲያ የድንጋይ ደረጃ ቁልቁል ነው። «የእህትሽ ጉልበት የሚሰቃየው ዳገቱ ላይ ሳይሆን እዚያ ቁልቁለት ላይ ነው። ረጅሙን ብሸጥላችሁ የማገኘው ይበልጣል፤ ግን አጭሩን ሂዱ» አለችኝ። በሙያዋ ገንዘብ የምታገኝ ሴት፣ ገና ፊቷን ላላየችው ሰው እንዲህ ስትናገር ሰምቼ ስልኩን እንደያዝኩ አለቀስኩ።

አጭሩ መንገድ እንዲህ ነው። ከኦያንታይታምቦ ከተማ በባቡር ተሳፍሮ 104ኛው ኪሎ ሜትር ላይ መውረድ ነው፤ ጣቢያ የለም፤ ባቡሩ ለአፍታ ቆሞ መንገደኛውን አውርዶ ይሄዳል። የኡሩባምባን ወንዝ በድልድይ ተሻግሮ በእግር ሽቅብ ነው። በዊንያይ ዋይና ፍርስራሽና እርከኖች በኩል ታልፎ፣ «የፀሐይ በር» ከሚሉት ከኢንቲ ፑንኩ ላይ ማቹ ፒቹን ቁልቁል ማየት ነው። ድንኳን የለም፤ ማታ ከተማ ወርዶ አልጋ ላይ ማደር ነው። ለዚህም ቢሆን ፈቃድ ያስፈልጋል። ያለ ሕጋዊ ድርጅትና ያለ አስጎብኚ ማንም አይገባም፤ ፌብሩዋሪ ሲሆን ደግሞ መንገዱ ለጥገና ይዘጋል።

ፈቃዱ የሚወጣው በፓስፖርት ቁጥርና ስም ነው፤ ከወጣ በኋላ ለሌላ ሰው አይዛወርም። የፓስፖርቶቻችንን ገጽ ፎቶ አንሥተን እንድንልክላት አዘዘችን፤ ስማችንን ፊደል በፊደል ገልብጣ፣ ከመክፈሏ በፊት መልሳ አሳየችን። ለመጀመሪያ ጊዜ እኔና እህቴ በትክክለኛ ስማችን ተጻፍን! እትዬ በመሃሉ ፓስፖርቷን ስታሳድስ ቁጥሩ ተቀየረ። እኔ ደንግጬ ደወልኩ፤ እርሷ ግን «አሮጌውንም አዲሱንም ይዛ ትምጣ» አለችኝ። ድልድዩ አጠገብ ያለው ተቆጣጣሪ ሁለቱን አስተያይቶ አሳለፋት።

ዝግጅቱንም እርሷው መራችን። ዳገትን ሳይሆን ደረጃ መውረድን እንድንለማመድ ነገረችን። እትዬ የምትኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነውና በየማለዳው በምርኩዝ ስትወጣና ስትወርድ ጎረቤቶቿ ምን ሆነች ብለው ነበር። አዲስ ጫማ ገዝታችሁ እንዳትመጡ፣ የእግር ጉዞ ምርኩዛችሁ ጫፉ ጎማ ይሁን አለችን። በደረስን ዕለት ኩስኮ አላሳደረችንም። ኩስኮ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው ተቀብላ በቀጥታ ወደ ኦያንታይታምቦ፣ ወደ 2,800 ሜትር ይዛን ወረደች። የአዲስ አበባዋ እህቴ ከፍታው ምንም አላላትም፤ ለዓመታት በባሕር ወለል የኖርኩት እኔ ነኝ ራሴን ይዤ የተቀመጥኩት።

ለከፍታው ሕመም የሆቴሉ ሠራተኛ የኮካ ቅጠል ሻይ ሲያቀርብልኝ ደግሞ ቀድማ እጇን ዘረጋችና ሥራዬን አስታወሰችኝ። የምሠራው ሆስፒታል ነው፤ የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ ይደረግልናል። ኮኬይን የሚሠራው ከዚሁ ቅጠል ነውና አንድ ሲኒ የኮካ ሻይ በምርመራው ላይ ኮኬይን አስመስሎ ሊያሳይ ይችላል። እዚያ አገር ሕጋዊ ነው፤ ሁሉም ይጠጣዋል፤ ማን ያስባል? እርሷ አሰበች። በምትኩ ሙንያ የሚባል የተራራ ቅጠል አፈላችልኝ። ሆስፒታል የምትሠሩ፣ መኪና የምትነዱ ወገኖቼ ይህንን ያዙልኝ፤ የኮካውን ቅጠልም ሻይም ወደ አሜሪካ ይዛችሁ እንዳትመለሱ።

አሁን ወደ ጾማችን ልምጣ፤ ይህቺን ሴት ዕድሜ ልኬን የማልረሳት በዚህ ነው። የንስሐ አባታችን ስለ መንገዱ ሰዓቱን ቀለል አድርገውልን ነበር፤ ምግቡ ግን የጾም ነው። ስነግራት አልተገረመችም፤ አላዘነችልንምም። «ዘይት ይፈቀዳል? ዓሣስ?» ብላ ብቻ ጠየቀችና ጻፈችው። በጉዞው ቀን ዊንያይ ዋይና አጠገብ ለምሳ ስንቀመጥ ከቦርሳዋ ያወጣችው የሆቴል ምግብ አልነበረም። ኪንዋ የሚባለው እህል ከአትክልት ጋር፣ የተቀቀለ ድንች፣ የተቆላ በቆሎና ባቄላ ነበር፤ ልክ እንደ እኛ ቆሎ። ሌላም ዕቃ ከፈተች። ታርዊ ይሉታል፤ የግብጦ ዘመድ ነው። መራራነቱ እንዲለቅ እንደ ግብጦ ለቀናት ውኃ እየተቀየረለት ይዘፈዘፋል። እኛ ገና ከቤታችን ሳንነሣ እናቷ ዘፍዝፈውልን ኖሯል! ፊታቸውን አይተን የማናውቅ እናት፣ ስለ ሁለት ሐበሻ ሴቶች ጾም ብለው በየቀኑ ውኃ ሲቀይሩ ሰነበቱ። እትዬ አንዱን ፍሬ ቀመሰችና «ይህስ የእናቴ እጅ ነው» ብላ እንባዋን አፈሰሰችው። ልጅቱ ቋንቋውን ባትሰማም ገባት፤ አቀፈቻት።

ከኢንቲ ፑንኩ በፊት ቀጥ ብሎ እንደ ግድግዳ የቆመ ጠባብ የድንጋይ ደረጃ አለ። እትዬ ሥሩ ደርሳ ቆመች፤ እግሯ ተንቀጠቀጠ። ከኋላችን ሌሎች መንገደኞች ነበሩ። አስጎብኚያችን ሁሉንም አሳለፈች፤ «ማሚታ፣ ጊዜ አለን» አለቻት። በእርግጥም ነበረን፤ በማለዳው ባቡር ካልሄድን ብላ በጨለማ የቀሰቀሰችን ለዚህች ሰዓት ነበር። ምርኩዞቹን ተቀብላ፣ እትዬን በእጆቿ ድንጋዩን እያስያዘች፣ እርሷ ከሥሯ ሆና እግሯን የት እንደምታሳርፍ አንድ በአንድ እየነካች አወጣቻት። እንዴት እንደ ያዘቻት፣ ክብደቷን እንዴት እንደ ተቀበለችላት ልግለጸው ብል አልችልም። እትዬ ላይ ደርሳ አምባውን ባየች ጊዜ ሦስት ጊዜ እልል አለች።

ስለ ቦታው የነገረችንን ሁሉ አልደግመውም፤ ድንጋዮቹ ያለ ጭቃ እንዴት እንደ ገጠሙ ብታስረዳኝም አልያዝኩትም። አንዱ ግን ልቤ ውስጥ ቀርቷል። በ1911 እ.ኤ.አ. ሃይረም ቢንግሃም የሚባል አሜሪካዊ አሳሽ «አገኘው» ሲባል እዚያው እርከኖቹ ላይ የሚያርሱ ገበሬዎች ይኖሩ ነበር፤ መንገዱንም ያሳየው የአካባቢው ሰው ነው። ይህንን ስትናገር ድምፅዋ ይለወጣል። ለሸካሚዎቹም እንዲሁ ትቆረቆራለች። ረጅሙን መንገድ የምትሄዱ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ሸካሚዎቹ የት እንደሚያድሩ፣ ምን እንደሚበሉ ጠይቁ ትላለች፤ በሕግ አንድ ወንድ ከ20 ኪሎ በላይ አይሸከምም።

ወገኖቼ፣ ርካሽ አገኘን ብላችሁ አትታለሉ፤ ይህቺን ሴት ያዙ። በተለይ እናት አባት ይዛችሁ የምትሄዱ፣ ጾም የምትጾሙ፣ የጤና እክል ያለባችሁ፣ ምንም ሳትደብቁ ሁሉንም ንገሯት፤ ታስብበታለች። በኢንካ መንገድ በቀን የሚገባው ሰው ቁጥር የተወሰነ ስለሆነ ለበጋው የሚወጣው ፈቃድ ወራት ቀድሞ ያልቃል፤ ስለዚህ ዛሬውኑ ጻፉልኝና ስልኳን ልስጣችሁ። ለእርሷም ለእናቷም እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ሥራዋን ይባርክላት። ከእኛ መካከል ቀድሞ የሚሄድ ሰው ካለ ደግሞ እባካችሁ አሳውቁኝ፤ እትዬ ለአስጎብኚያችን እናት የሚሆን ነጠላ ከአዲስ አበባ ልካልኛለች፤ የሚያደርስልኝ ሰው እፈልጋለሁ።