ለእናቴ የገዛ ልቧን ላሳየቻት ባለሙያ

ይህን የምጽፈው የልብ አልትራሳውንድ፣ ኢኮ የምንለውን ምርመራ ለምትሠራ አንዲት እህት ነው። ስሟን እንዳልጠራ ለምናኛለች፤ ሳላመሰግናት ግን መቅረት አልቻልኩም።

እናቴ «አንዱ የልብ በር ደም ያፈሳል» ከተባለች ጀምሮ እንቅልፍ አልነበራትም። ልቧ የተቀደደ መስሏት ነበር። በምርመራው ቀን ባለሙያዋ ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረችና «እማማ፣ ይዩት፤ ይኸው እየሠራ ነው» አለቻት።

አራቱን ክፍሎች በጣቷ እየጠቆመች አሳየቻት። የግራው የታችኛው ክፍል ግድግዳ ከቀኙ ሦስት እጥፍ ያህል ይወፍራል። ቀኙ ደሙን የሚገፋው አጠገቡ ወዳለው ሳንባ ነው፤ ግራው ግን ከራስ ቅል እስከ እግር ጣት ማድረስ አለበት። ቀጥላ ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጉትን በሮች አሳየቻት። የልብ ምት ብለን የምንሰማው ድምፅ በሮቹ ሲዘጉ የሚወጣ ነው። በግራው የላይኛና የታችኛ ክፍል መካከል ያለው፣ ሚትራል የሚባለው በር ሁለት ክንፍ አለው፤ ክንፎቹ ወደ ላይ እንዳይገለበጡ በቀጫጭን ጅማቶች ከታች ታስረዋል። የእናቴ ይኸው በር ሲዘጋ ትንሽ ክፍተት ስለሚተው ጥቂት ደም ወደ ኋላ ይመለሳል፤ እሱም በስክሪኑ ላይ በቀለም ታየ። «መጠኑን ሐኪምዎ ይነግርዎታል» አለች እንጂ ከሥራዋ አልፋ ምንም አልተናገረችም። ይህንንም አከብርላታለሁ። በኋላ ሐኪሙ ቀላል ነው፣ በክትትል ይያዛል አለን።

እናቴ «ይሄ ልብ መቼ ነው የሚያርፈው?» ብላ ጠየቀች። መልሱን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ልብ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል፤ በእያንዳንዱ ምት መካከል ግን ይላላል፣ ያርፋል። በደቂቃ 75 ጊዜ በሚመታ ልብ አንዱ ዙር 0.8 ሰከንድ ሲሆን፣ ከዚያ ውስጥ 0.5 ሰከንድ ያህሉ እረፍት ነው። የግራው ጡንቻ የራሱን ደም በብዛት የሚያገኘውም ያኔ ነው። በውስጡ የሚያልፈው ደም አይመግበውም፤ ከውጭ በሚከቡት ደም ቅዳዎች በኩል ይደርሰዋል፤ ጡንቻው ሲኮማተር እነሱንም ስለሚጫናቸው ደሙን በብዛት የሚጠጣው ሲላላ ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ዝም አለች። የዚያን ዕለት ሌሊት ተኛች።

ኢኮ ታዞላችሁ የፈራችሁ ካላችሁ፣ የተለመደው ምርመራ አያምም፤ የሚሠራው በድምፅ ሞገድ ስለሆነ ጨረርም የለውም። የዚህችን ባለሙያ አድራሻ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሷን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ።

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። እናቴ ጠዋት ማታ ትመርቅሻለች።