«35 ጊዜ እናጠፋለን» ለሚል አገልግሎት ገንዘብ አትክፈሉ

ያገለገለ ላፕቶፕ ልትሸጡ ወይም በአዲስ ልትለውጡ የተዘጋጃችሁ ሁሉ፣ ይህን ሳታነቡ ወደ ሱቅ አትሂዱ። ሰሞኑን የአንድ ዘመዴን ላፕቶፕ የገዛ ነጋዴ፣ ፋይሎቹን «ማንም እንዳይመልሳቸው» በላያቸው ላይ ሌላ መረጃ እየጻፈ 35 ጊዜ እንደሚያጠፋ ተናግሮ ከዋጋው ላይ ቀላል የማይባል ገንዘብ ቀንሷል። የላፕቶፑ ማከማቻ ደግሞ ኤስኤስዲ፣ ማለትም መረጃን በቺፖች ላይ የሚይዝ ዓይነት ነው። በኤስኤስዲ ላይ ይህ ሥራ የተባለውን አያደርግም፤ ዕቃውንም ያስረጀዋል።

ቁጥሩ የመጣው ፒተር ጉትማን የተባለ የኒውዚላንድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1996 ካሳተመው ጥናት ነው። በዘመኑ ለነበሩት የተለያዩ የሃርድ ዲስክ (መረጃን በሚሽከረከር መግነጢሳዊ ሳህን ላይ የሚይዝ ማከማቻ) ዓይነቶች የሚሆኑ፣ በላዩ ላይ የመጻፍ ዙሮችን ሲደረድር 35 ሆኑ እንጂ፣ ሁሉም በአንድ ዲስክ ላይ ይደረጉ ማለቱ አልነበረም። ሰዎች ነገሩን እንደ ድግምት መያዛቸውን በኋላ ራሱ ተችቷል። ዛሬ ላሉት ሃርድ ዲስኮች አንድ ዙር ይበቃል፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው መመሪያም የሚለው ይህንኑ ነው። ቪስታ ከተባለው እትም ወዲህ ያለው ዊንዶውስ ፈጣኑን ሳይሆን ሙሉውን ፎርማት ስታዙት መላውን ዲስክ በዜሮ ይሞላዋል፣ ያውም በነጻ።

ኤስኤስዲ ግን ሌላ ነው። አዲስ መረጃ ሲመጣለት አሮጌው በተቀመጠበት ቦታ ላይ አይጽፍም። መረጃው የሚቀመጥባቸው ሴሎች እኩል እንዲያረጁ በውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ጽሕፈቱን ወደ ሌላ ቦታ ይልከዋል። ስለዚህ የማጥፊያው ፕሮግራም «ላዩ ላይ ጽፌበታለሁ» ሲላችሁ የመታወቂያችሁ ቅጂ ወይም የባንክ ሰነዳችሁ በነበረበት ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። አምራቹ ለመጠባበቂያ የተወው፣ ኮምፒውተሩም የማያየው ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 በሳን ዲዬጎ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፋይሎችን በዚህ መንገድ ካጠፉ በኋላ የማከማቻውን ቺፖች በቀጥታ ሲያነቡ ከ4 እስከ 75 በመቶ የሚሆነውን ይዘት እዚያው አግኝተውታል። አፕልም እ.ኤ.አ. በ2015 ከኮምፒውተሮቹ ላይ ቆሻሻ መጣያውን «በአስተማማኝ ሁኔታ ባዶ አድርግ» የሚለውን ምርጫ ያነሳው፣ በእንዲህ ዓይነት ማከማቻ ላይ ቃሉን መጠበቅ ስላልቻለ ነው።

ጉዳቱን ደግሞ አስሉት። ኤስኤስዲ በተጻፈበት ቁጥር ያረጃል። 500 ጊጋባይት በ35 ሲባዛ 17.5 ቴራባይት ይሆናል። ለ300 ቴራባይት ጽሕፈት ዋስትና ከተሰጠው ኤስኤስዲ ላይ ወደ 6 በመቶ የሚጠጋው በአንድ ጊዜ ሄደ ማለት ነው። ዕዳው ላፕቶፑን ነገ ለሚገዛው ሰው ይተላለፋል፤ እርሱም እንደ እኛው ገንዘቡን ቆጥቦ ያጠራቀመ ሸማች ነው። የማጥፊያ ፕሮግራም በየዓመቱ እየከፈሉ በየዕለቱ በራሳቸው ላፕቶፕ ላይ የሚጠቀሙ ሰዎች ደግሞ የራሳቸውን ንብረት ይበላሉ።

ነጋዴው በየትኛው ትእዛዝ እንደሚያጠፋ በግልጽ ጠይቁት። ትክክለኛው መንገድ ኤስኤስዲው ራሱን በራሱ እንዲያጸዳ የሚያዘው ትእዛዝ ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ በአምራቹ ነጻ ፕሮግራም ወይም ኮምፒውተሩ ሲነሳ በሚከፈተው ማስተካከያ ውስጥ ይገኛል። በአብዛኛው በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል፤ በዚህ ሰበብ ቀን ሙሉ የሚያቆያችሁ ካለ ተጠራጠሩ። አንዳንድ አሮጌ ኤስኤስዲዎች ትእዛዙን በትክክል እንደማይፈጽሙም እነዚያው ተመራማሪዎች ደርሰውበታል፤ ስለዚህ ብቸኛ መተማመኛ አታድርጉት።

ከሁሉ የሚሻለው ላፕቶፑን በገዛችሁበት ቀን ቢትሎከርን ወይም ቬራክሪፕትን የመሰለ፣ መረጃውን ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ የሚያደርግ ምስጠራ ማብራት ነው። ቁልፉ ሲጠፋ የቀረው ሁሉ ትርጉም የሌለው ይሆናል። ዘግይታችሁ ካበራችሁት ግን ቀድሞ ሳይመሰጠር የተጻፈው በዚያ በማይታየው ቦታ ሊቀር ይችላል። የደንበኞች ወይም የሕሙማን መዝገብ የነበረበት ከሆነ ኤስኤስዲውን አስወጥታችሁ አስቀሩትና ላፕቶፑን ያለ እርሱ ሽጡ፤ የምትቀንሱት ዋጋ አዲስ ኤስኤስዲ ከሚገዛበት መብለጥ የለበትም። በቀጭን ላፕቶፖች ላይ ማከማቻው ከቦርዱ ጋር የተበየደ ሊሆን ስለሚችል፣ ከመስማማታችሁ በፊት አስከፍታችሁ እዩ።