ተክለሃይማኖት አካባቢ ለሚሠሩት ጎሚስታ ምስጋና

አብነት ሰፈር ያለው እድራችን አንዲት ትንሽ ተሳቢ አለችው። ድንኳኑን፣ ብረቱን፣ ወንበሩንና ድስቱን የምትሸከመው እሷ ናት። በፒክአፕ ነው የምንጎትታት። ሁለት ክረምት ግቢ ውስጥ ዝናብ ሲወርድባት ከረመች። በቀደም የቀኝ ጎማዋ ተንፍሶ አገኘነው። ልንቀይረው ብንል ቡሎኖቹ ላይ የሚጠብቁት ዳዶዎች ዝገው ንቅንቅ አልል አሉ።

የሰፈር ልጆች መፍቻው ላይ ቧንቧ ሰክተው ቆሙበት። አንዱ ቡሎን ቀጭ ብሎ ተበጠሰ። ከዚያ ኮምፕረሰር ያላቸው ሰዎች ጠራን። በአየር በሚሠራው መፍቻ ደጋግመው ሲመቱት የአንዱ ዳዶ ማዕዘን ተላጨ። «የቀሩት ቡሎኖች ይበቋታል፣ ዝም ብላችሁ ንዱ» ብለውን ሄዱ። በጣም ተናደድኩ። ይቺ ተሳቢ እኮ ለቅሶ ቤት ነው የምትሄደው። ጎማዋ መንገድ ላይ ቢወልቅ እግረኛ ላይ ነው የሚያርፈው።

ጎረቤቴ ናቸው ወደ ተክለሃይማኖት የላኩኝ። እዚያ የሚሠሩ አንድ ጋሼ አሉ። ከአንድ ልጅ ጋር በእግራቸው መጡ። ጎንበስ ብለው አዩና «ልጄ፣ ዛሬ አይፈታም። በጉልበት ከመጣንበት ሌላውም ይበጠሳል» አሉኝ። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ጠረጉ። ደብሊው ዲ 40 የሚባለውን ዝገት የሚያላቅቅ ፈሳሽ ነፉበት። ማታም ድገምበት ብለውኝ ሄዱ። ለዚያ ቀን አምስት ሳንቲም አልተቀበሉም።

ጠዋት ሲመጡ ክሪኩን ከመስቀላቸው በፊት፣ ጎማው መሬት ላይ እንዳለ ነው መፍታት የጀመሩት። ከተነሳ ይሽከረከራላ! መጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው ገፋ ያደርጉታል። ዝገቱ «ጢቅ» ሲል ወደ መፍቻው ይመልሱታል። ሦስቱ እንዲህ ወጡ። ማዕዘኑ የተላጨውን ግን ዳዶውን ብቻ በጋዝ እሳት አሞቁት። ብረት ሲሞቅ ይሰፋል፣ ያኔ ቡሎኑን ይለቃል። ውስጥ ያለው ግራሶ እንዳይቀልጥ ጎማው የሚታሰርበት መሃል ብረት፣ ሞዞው ላይ፣ እርጥብ ጨርቅ ጠመጠሙ። ከዚያ ጠበብ ያለች ቡሶላ (ዳዶው ላይ የሚገጠም የመፍቻ ጭንቅላት) በመዶሻ መትተው አስገቡበት። ወጣ! እኔ አጨበጨብኩ፣ እሳቸው ላባቸውን ጠረጉ።

የተበጠሰው አንድ ነው፣ እሱን ብቻ ይቀይሩልን ብያቸው ነበር። እምቢ አሉኝ። አንዱን የበጠሰው ጉልበት ሌሎቹም ላይ ስላረፈ እነሱም ተጎድተዋል አሉ። አምስቱም ይቀየሩ ተባለ። አሮጌውን ናሙና ይዤ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወረድኩ። ይዤ የመጣሁትን ሲለኩት ጥርሱ ልክ ነው። ሞዞው ውስጥ የሚነክሰው አንገቱ ግን ቀጠን ይላል። «ይሄ ውስጡ ይዞራል፣ መልሰው» አሉኝ። ሌላ ሰው ቢሆን እንደምንም መትቶ ያስገባው ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ወርጄ ትክክለኛውን አመጣሁ።

ሞዞውን አወለቁ። አሮጌዎቹን ቡሎኖች በመዶሻ ወደ ኋላ መትተው አወጡ። አዲሶቹን ከኋላ አስገብተው፣ ሮንዴላ (ከዳዶው ሥር የሚገባ የብረት ቀለበት) ደርበው፣ በዳዶ ቀስ እያሉ ሳቧቸው። ሞዞው የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታም አጥበው አዲስ ግራሶ ቀቡት። ይህን እኔ አልጠየቅኳቸውም። አዲሶቹ ቡሎኖች ላይ ዘይት ልቀባ ስል እጄን ያዙኝ። ዘይት ካለበት ሳይታወቅ ከልኩ በላይ ይጠብቃል አሉኝ። ጎማውን አስገብተው ዳዶዎቹን ሲያጠብቁም በዙሪያው አይሄዱም፣ አንዱን ዘለው ተሻጋሪውን ነው። መጨረሻ ላይ ልኩ ሲደርስ ቀጭ የሚለውን መፍቻ 110 ኒውተን ሜትር ላይ አድርገው እያንዳንዱን ነኩት።

በማግስቱ ሰበታ ለቅሶ ነበረብን። ተሳቢዋ ደርሳ ተመለሰች። ወደ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ጋሼ ማታ ራሳቸው ደውለው «አምጣት፣ እንደገና ላጥብቃት» አሉኝ። አዲስ ቡሎን መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይላላል ለካ። ሁለቱ በእርግጥም ላላ ብለው ነበር። ለዚያም አላስከፈሉኝም። የዕቃውን ገንዘብ እኔው ስለከፈልኩ የጠየቁኝ የእጃቸውን ብቻ ነው። እድሩ ተሰብስቦ ጭማሪ ሰጣቸው፣ ለልጁም እንደዚሁ።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

ተሳቢ፣ ፒክአፕ ወይም ሚኒባስ ያላችሁ፣ ዳዶ አልፈታ ካላችሁ በቧንቧ ከመቆማችሁ በፊት እሳቸውን አሳዩ። ስልካቸውን በይፋ እንዳላወጣ ነግረውኛል፣ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ጠዋት ጠዋት ይገኛሉ፣ እሁድ አይሠሩም።