የነዳጅ ውርስ እናስለቅቅላችኋለን የሚሉ ጉዳይ አስፈጻሚዎችን ተጠንቀቁ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ቢሮ ተከራይተው፣ ባሕር ማዶ ስለ ሞተ ዘመዳችሁ ከእናንተ ይልቅ አውቀው የሚቀርቡትን ጉዳይ አስፈጻሚዎች የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። እናቴን እንዴት እንደ ዘረፏት ትናንት ተረዳሁ፤ ንዴቴ ሳይበርድ የምጽፈው ሌላ ቤተሰብ በዚያው ወረቀት ላይ እንዳይፈርም ነው።

አጎቴ በደርግ ዘመን በመተማ በኩል ሱዳን ገብቶ፣ በኋላም ቴክሳስ የኖረና ከሟች ሚስቱ የነዳጅ ድርሻ የወረሰ ሰው ነበር። ልጅ ስላልነበረው ወራሹ እህቱ፣ እናቴ ናት። በአገራችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬትም የተፈጥሮ ሀብትም የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ፣ ከመሬት በታች ያለ ነዳጅ በግለሰብ ስም ተይዞ እንደሚሸጥና እንደሚወረስ ብዙዎቻችን አናስብም። በቴክሳስ ግን እንዲህ ነው፤ ባለድርሻው ተፈልጎ ሲታጣ ፍርድ ቤቱ ንብረት ጠባቂ ይሾማል፣ ጠባቂው በታጣው ሰው ፋንታ ከነዳጅ ኩባንያ ጋር የኪራይ ውል ይፈርማል፣ ገንዘቡ ለባለድርሻው በፍርድ ቤቱ ይቀመጣል፣ ባለቤትነቱም አይጠፋም። ለእናቴ የቀረበው ጉዳይ አስፈጻሚ ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር። ለእኛ የነገረን ግን «ገንዘብ ተቀምጧል፤ ካልፈጠናችሁ መንግሥት ይወርሰዋል» የሚለውን ብቻ ነው።

አዲስ አበባ ኤምባሲ ሄዳ ከመፈረሟ በፊት እናቴን ቢሮው አስቀምጦ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ወረቀት በእጁ እንደያዘ፣ «እማማ፣ ይህ ውክልና ነው፤ እኔ ስለ እርስዎ ሆኜ ገንዘቡን እንድጠይቅልዎት ነው። የያዘውን ያውቃሉ ወይ ብለው ሲጠይቁዎት አዎ አውቃለሁ ይበሉ፤ ሌላ ከተናገሩ ይመልሱዎታል» አላት። እናቴ እንደ ልጇ አምናው፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ መርቃው፣ እንዳላት አደረገች። በኤምባሲ የሚያረጋግጡት የፈራሚውን ማንነትና ፊርማ ነው፤ ውሉ ይጠቅማት ይጎዳት እንደሆነ አይመረምሩም። ይህንንም ያውቅ ነበር።

ቅጂውን ትናንት ለሚያነብ ሰው ስናሳየው ውክልና የሚል ቃል የለበትም። «ለ10 ዶላርና ለሌላ ጠቃሚ ዋጋ» ድርሻዋን በሙሉ፣ ለዘለዓለም፣ ለእሱ ሸጣለች ይላል። እናቴን ይዤ ቢሮው ስሄድ እሱ ከውስጥ ክፍል አልወጣም። ጸሐፊዋ ለአንዲት አሮጊት ወንበር እንኳ ሳታቀርብ፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ፣ «ፈርመዋል አይደል? ታዲያ ምን ፈልገው መጡ?» አለቻት። ከገንዘቡ ይልቅ ያቃጠለኝ ይህ ነው፤ ሰውን አታልሎ ካስፈረሙ በኋላ የፈረመውን መናቅ ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው?

ያስቸኮለን ማስፈራሪያም ሐሰት ነው። ባለቤቱ ሳይገኝ ቀርቶ ወደ ቴክሳስ ግዛት የሚተላለፍ ገንዘብ በአደራ ይያዛል፣ ለመጠየቅም የጊዜ ገደብ የለውም፣ ግዛቱም ክፍያ አይጠይቅም፤ ባለቤቱን አፈላልጎ ያንን ገንዘብ የሚያስለቅቅ ሰው የሚቀበለውም ከገንዘቡ 10 በመቶ እንዳይበልጥ ሕጉ ወስኗል።

ማንኛውንም የእንግሊዝኛ ሰነድ ከመፈረማችሁ በፊት አስፈራሚው ባልመረጠው ሰው አስተርጉሙ። የፈረማችሁም ካላችሁ ቅጂውን ዛሬውኑ ጠይቁ፤ በማታለል የተገኘ ውል በፍርድ ቤት ሊሰረዝ ይችላልና፣ እኛም ለዚሁ የቴክሳስ ጠበቃ እየፈለግን ነው።